የጋሼ አንጀትና ባለ አራት ክንዱ ማሽን

አጎቴ በቀዶ ሐኪሟ ክፍል ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል አንድም ቃል ሳይናገሩ ከተቀመጡ በኋላ ወደ እኔ ዘወር ብለው የጠየቁኝ ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር። «ልጄ፣ እስቲ እውነቱን ንገሪኝ፤ ኦፕራሲዮን የምታደርገኝ ልጅቱ ናት ወይስ ማሽኑ?» ጥያቄውን ተርጉሜ ስነግራት ሐኪሟ አልሳቀችም። ወንበሯን ወደ እሳቸው ጠጋ አድርጋ ሁለቱን እጆቿን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈችና «እነዚህ ናቸው የሚሠሩት፤ ማሽኑ እኔ ካልነካሁት አንዲት ፀጉር ታህል አይንቀሳቀስም» አለች። ጋሼ እጆቿን አተኩረው አዩ። ያመኗት አልመሰለኝም።

ነገሩ የተጀመረው እንደ ብዙዎቻችን ቤት ነው። ሰገራቸው ላይ ደም ማየት ከጀመሩ ስምንት ወር ሆኗቸው ነበር፤ ነገር ግን «ኪንታሮት ነው» ብለው በርበሬና ቡና ከመቀነስ፣ ከፋርማሲ የገዙትን ቅባት ከመቀባት በቀር ለማንም አልተናገሩም። ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ የኖሩ፣ የጤና መድን ያላቸው ሰው ናቸው። የሰገራ መመርመሪያው ዕቃ በፖስታ ተልኮላቸው ሁለት ዓመት ሙሉ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ከ2021 ጀምሮ ምልክት የሌለበት ሰው ሁሉ ከ45 ዓመቱ አንሥቶ ለትልቁ አንጀት ካንሰር እንዲመረመር ይመከራል፤ ጋሼ ግን 64 ሞልቷቸው እንኳ ጉዳዩን የሽማግሌ ወግ አድርገው አለፉት። በመጨረሻ ኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም አንጀትን በካሜራ የማየት ምርመራ፣ ሲደረግላቸው ዕጢው የተገኘው በትልቁ አንጀት የመጨረሻ ክፍል፣ ከፊንጢጣ ብዙም ሳይርቅ ነበር። መጀመሪያ ጨረርና ኬሞ ወሰዱ፤ ቀዶ ሕክምናው ከዚያ በኋላ መጣ።

«ሮቦት» የሚለው ቃል ለእኛ ብዙ ጣጣ አመጣብን። ስሙን የሰማ ዘመድ ሁሉ በራሱ የሚያስብ፣ ራሱ የሚቆርጥና የሚሰፋ የብረት ሰው ነው የታየው። ጋሼ ላይ የዋለው ዳ ቪንቺ የሚባለው መሣሪያ ሲሆን፣ ይህ መሣሪያ አሜሪካ ውስጥ ለሆድ ዕቃ ቀዶ ሕክምና የተፈቀደው በ2000 ነው። አራት ክንዶች ያሉት ቋሚ በሕመምተኛው አጠገብ ይቆማል፤ ስምንት ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ባላቸው ቀዳዳዎች በኩል አንድ ካሜራና ሦስት መሣሪያዎች ወደ ሆድ ይገባሉ። ሐኪሟ ጓንት ሳታደርግ ጥቂት እርምጃ ፈቀቅ ብላ ትቀመጣለች። ፊቷን ወደ መመልከቻው ደፍታ የሆዱን ውስጥ ጥልቀቱ ሳይጠፋ በጉልህ ታያለች፤ አውራ ጣቷንና ጣቶቿን ቀለበት መሰል መያዣ ውስጥ አስገብታ ስታንቀሳቅስ የመሣሪያዎቹ ጫፎች ያንኑ እንቅስቃሴ አሳንሰው ይደግማሉ፤ የእጅ መንቀጥቀጥ ካለም ማሽኑ ያጣራዋል። በ2001 ዣክ ማርስኮ የተባሉ ፈረንሳዊ ቀዶ ሐኪም ኒው ዮርክ ተቀምጠው ስትራስቡርግ የተኛች ሴት የሐሞት ከረጢት በሌላ ሮቦት አማካይነት አውጥተዋል። ውቅያኖስ በመካከል ሆኖም እንኳ የሚቆርጠው የሰው እጅ ነበር፤ ይህን ታሪክ ለጋሼ ስነግራቸው ጥቂት ተረጋጉ።

ማሽኑ ለምን በተለይ ለዚህ ቦታ እንደተፈለገ የገባኝ ሐኪሟ ሥዕል ከሣለችልኝ በኋላ ነው። የአንጀቱ መጨረሻ የሚገኘው በዳሌ አጥንት መካከል በተቀበረ ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ሲሆን፣ የወንድ ዳሌ ደግሞ ከሴት ይልቅ የጠበበ ነው። እኔ ወዲያው የታየኝ ጀበና ነው። ጀበናን በአንገቱ በኩል ቀጥ ያለ እንጨት አስገብቶ ሆዱን ጥግ ጥጉን ለማጠብ የሞከረ ሰው፣ በተለመደው ላፓራስኮፒ፣ ማለትም ያለ ሮቦት በትንንሽ ቀዳዳዎች በካሜራ እየታየ በሚሠራው ቀዶ ሕክምና፣ ረጃጅምና ቀጥ ያሉ መሣሪያዎች ዳሌ ውስጥ መሥራት ምን ያህል እንደሚያስቸግር ይገባዋል። የሮቦቱ መሣሪያ ጫፉ ላይ እንደ እጅ አንጓ ይተጣጠፋል፤ ልዩነቱ በዋናነት ይኸው ነው።

እዚያ ታች የሚሠራው ሥራ ግን ሮቦት ከመምጣቱ በፊት የነበረ ነው። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ቢል ሂልድ በ1982 ባወጡት ጽሑፍ፣ ዕጢው ተመልሶ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ በአንጀቱ ዙሪያ ያለው የስብ ሽፋን ሳይሟጠጥ ስለሚቀር መሆኑን አስረድተው፣ አንጀቱ ከነሽፋኑ ሳይቀደድ እንደ አንድ ጥቅል እንዲወጣ የሚያደርገውን አሠራር አስፋፉ። በሽፋኑና በዳሌው ግድግዳ መካከል እንደ ሸረሪት ድር የሳሳ ክፍተት አለ፤ ቢላው በዚያ ላይ ከሄደ ደም እምብዛም አይፈስም። ወደ ውጭ ከሳተ የሽንትንና የወሲብን ተግባር የሚመሩትን ነርቮች ይነካል፤ ወደ ውስጥ ከሳተ ደግሞ ካንሰር ሊያስቀር ይችላል። በሮቦትም ሆነ በእጅ፣ ሕመምተኛው የሚድነው ያ ክፍተት በትክክል ሲገኝ ነው።

ታዲያ ሮቦቱ ይህን ሥራ ያሻሽለዋል ወይ? እኔ ማስታወቂያ የማላምን ሰው ስለሆንኩ ጥናቶቹን ፈልጌ አነበብኩ። በ2017 የወጣውና በአሥር አገሮች 471 ሕመምተኞችን ያካተተው ሮላር የተባለው ጥናት ለሮቦቱ አፍቃሪዎች ቀዝቃዛ ውሃ ነበር። በትንንሽ ቀዳዳ የተጀመረው ቀዶ ሕክምና ሳይሳካ ቀርቶ ሆድ ወደ መክፈት የተዞረው ከላፓራስኮፒ ታካሚዎች በ12.2 በመቶው፣ ከሮቦት ታካሚዎች ደግሞ በ8.1 በመቶው ላይ ሲሆን፣ ተመራማሪዎቹ ይህ ልዩነት በአጋጣሚ ሊመጣ የሚችል ነው አሉ። ጊዜውም ወጪውም በሮቦቱ በኩል የበለጠ ነበር። ቻይና ውስጥ በ11 ሆስፒታሎች ከአንድ ሺህ በላይ ሰዎች ላይ የተካሄደውና ሪል የሚባለው ጥናት ግን ሌላ መልስ ሰጠ፤ በሦስት ዓመት ውስጥ ካንሰሩ እዚያው አካባቢ ተመልሶ የመጣባቸው በሮቦቱ 1.6 በመቶ፣ በላፓራስኮፒ 4 በመቶ ሆኑ። በሕይወት በመቆየት በኩል ግን ግልጽ ልዩነት አልታየም። በቻይናው ጥናት ላይ የሠሩት ሐኪሞች በሁለቱም መንገድ የተካኑ እንደነበሩ መዘንጋት የለበትም፤ ስለዚህ እኔ የተረዳሁት ማሽኑ የጎበዝን እጅ ጥቂት የበለጠ ጎበዝ እንደሚያደርግ ነው።

ማሽኑ የጎደለውም ነገር አለ። ጋሼ ላይ የዋለው ዓይነት የመዳሰስ ስሜት ለሐኪሙ አያስተላልፍም፤ ክሩ ምን ያህል እንደተወጠረ ሐኪሟ የምታውቀው በዓይኗ አይታ ነው። ጉልበትን የሚያስታውቁ መሣሪያዎች ያሉት ሞዴል አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በ2024 ነው። በዚህ ላይ ሆዱ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ተነፍቶ፣ ጭንቅላት ወደ ታች ዘንበል ብሎ ለሰዓታት መቆየት ስላለ ልብና ሳንባው የደከመ ሰው አስቀድሞ በደንብ ሊመረመር ይገባል። ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው «ሮቦት አላችሁ ወይ?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ «ይህን ቀዶ ሕክምና ራስሽ ስንት ጊዜ ሠርተሻል? ከሕመምተኞችሽ ስንቱ ላይ የተሰፋው አንጀት አፍስሷል?» ብሎ መጠየቅ ይጠቅም ነበር። ከእነዚህ ከሁለቱ እኔ የመጀመሪያውን ብቻ ጠየቅሁ፤ ሁለተኛውን አፍሬ ተውኩት።

በዕለቱ አምስት ሰዓት ጠበቅን። በመጠበቂያው ክፍል ግድግዳ ላይ ባለው ሰሌዳ የጋሼ ቁጥር ከአንድ ቀለም ወደ ሌላ ሲቀየር፣ እትዬ በፔርሙዝ ካመጡት ቡና ለማናውቃቸው ሰዎች ሁሉ ሲቀዱ፣ ከአዲስ አበባ የሚደወለው ስልክ አላቋርጥ ብሎ ነበር። ደዋዮቹ ስለ ሮቦቱ ይጠይቁኛል፤ እኔ ግን በልቤ የነበረው ከዚያ በፊት ያገኙት ጨረር ነው። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት የአገራችን ብቸኛ የጨረር ሕክምና መስጫ ሆኖ መቆየቱን የማያውቅ ዘመድ የለንም፤ እዚያ ወረፋ ይጠብቅ የነበረ ጎረቤታችንን ሁላችንም እናስታውሳለን።

በማግስቱ ጠዋት ደግሞ ሌላ ፈተና ገጠመኝ። ነርሷ አንጀቱ መሥራት መጀመሩን ለማወቅ አየር አውጥተው እንደሆነ በተደጋጋሚ ጠየቀቻቸው፤ እኔ ደግሞ በልጅነቴ ፊታቸው ቀና ብዬ የማላወራቸውን አጎቴን ይህን በአማርኛ እንዴት አድርጌ እንደምጠይቃቸው ጨነቀኝ። «ጋሼ፣ ሆድዎ... አየር... አስተነፈሰ ወይ?» ስላቸው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው «በያት፣ ከሌሊቱ ጀምሮ» አሉኝ። ነርሷ አጨበጨበች። በሕይወታቸው በዚህ ነገር የተጨበጨበላቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

የምርመራው ውጤት ከአሥር ቀን በኋላ መጣ። ሽፋኑ ሳይቀደድ ሙሉ ሆኖ ወጥቷል፤ ዳርቻው ከካንሰር ነጻ ነው፤ ከተመረመሩት 14 የሊምፍ እጢዎች አንዱም አልተነካም። ጋሼን ከሕመሙ ይልቅ የከበዳቸው፣ አዲሱ የአንጀት ስፌት እስኪጠና ድረስ ሆዳቸው ላይ የተለጠፈው የሰገራ ከረጢት ነበር። ከረጢቱን ይዘው ቤተ ክርስቲያን መግባት አልፈቀዱም፤ የንስሐ አባታቸው ቤት ድረስ መጥተው ለብቻቸው እስኪያነጋግሯቸው ድረስ ሁለት ወር እሑድ እሑድ መስኮት አጠገብ ተቀምጠው ቅዳሴ በስልክ ያዳምጡ ነበር።

ከረጢቱን ለማንሣትና አንጀቱን መልሶ ለመግጠም በአራተኛው ወር ወደዚያው ሆስፒታል ተመለስን። ጋሼ በዚህ ጊዜ ስለ መሣሪያው ከእኔ ይልቅ ብዙ የሚያውቁ ሰው ሆነው ነበር፤ ተሽከርካሪው አልጋ ላይ ተኝተው ሐኪሟን ሲያዩ «ማሽኑ ዛሬ የት አለ?» ብለው በእንግሊዝኛ ራሳቸው ጠየቋት። ለዚህ ሥራ እንደማያስፈልግ፣ ከረጢቱ በተለጠፈበት ቀዳዳ በኩል በእጇ አውጥታ እንደምትሰፋው፣ አንድ ሰዓት ያህል ብቻ እንደሚወስድ ነገረቻቸው። ጋሼ የመጀመሪያው ቀን እንዳደረጉት እጆቿን አተኩረው አዩ፤ ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ለእኔ ሰጡኝ።