ቅጹ ላይ ሁልጊዜ 4 ዲግሪ ነበር

የሆስፒታል ፋርማሲ ኃላፊ ሆኜ ስመደብ የመጀመሪያው የቤት ሥራዬ ለጥራት ምዘና መዘጋጀት ነበር። አብዛኛው ያን ያህል አልከበደኝም። ጊዜያቸው ያለፈባቸውን መድኃኒቶች ለይቼ ቆለፍኩባቸው። ጊዜው ቀድሞ የሚያልፈው ቀድሞ እንዲወጣ መደርደሪያውን አስተካከልን። ስማቸውና እሽጋቸው የሚመሳሰሉትን አራራቅናቸው። ያልተበረዘውን ፖታሲየም ክሎራይድ ከየዋርዱ ሰበሰብኩ። በቀጥታ ደም ሥር ከገባ ልብ ያቆማል፤ ከማሟሟያ ውሃ ጎን ምን ይሠራል? በዚህ ከነርሶቹ ጋር ትንሽ ተኳረፍን፣ አለፈ።

ፍሪጁን ግን ረሳሁት። ረሳሁት ማለትም ይከብደኛል፤ በየወሩ መጨረሻ የሙቀት መመዝገቢያ ቅጹ ላይ የምፈርመው እኔው ነበርኩ።

ደንቡ ግልጽ ነው። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ በቀን ሁለቴ ይመዘገባል። የእኛ ቅጽ ያማረ ነበር። 4፣ 4፣ 5፣ 4፣ 4። ገምጋሚዎቹ መጥተው አዩት፣ «አሟልቷል» ብለው ምልክት አደረጉ፣ ሄዱ። አንዳቸውም የፍሪጁን በር አልከፈቱም። እስካሁን ያናድደኛል።

ከሳምንታት በኋላ አንዲት ነርስ አንድ የኢንሱሊን ብልቃጥ ይዛ መጣች። «እስቲ ይሄን ተመልከተው» አለችኝ። ደመና የሚመስለው ዓይነት ነው። በመዳፍ መሃል ሲንከባለል ወተት መስሎ እኩል መደባለቅ አለበት። ይሄ እምቢ አለ። ነጭ ቅንጣት ብልቃጡ ላይ ተለጥፏል፣ ከሥሩ ጓጉሏል። ደጋግሜ አንከባለልኩት። ያው ነው።

«ዋርድ ውስጥ ሙቀት ነክቶት ይሆናላ» አልኳት።

መልስ አልሰጠችኝም። ከኪሷ ሌላ አወጣች። ያልተከፈተ፣ ያን ዕለት ጠዋት ከእኛ የወሰደችው። እሱም ጓጉሏል።

ወደ ፍሪጁ ሄድኩ። ቴርሞሜትሩ 4 ነጥብ 2 ይላል። ልቤ መለስ አለ። ከዚያ ጎኑ ላይ ያለችውን ቁልፍ አየኋት። ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን የምታሳየዋ ናት፤ የፋብሪካው ላስቲክ እንኳን አልተላጠላትም። ተጫንኳት። ከዜሮ በታች 3።

ነገሩ ቀላል ነው። ከሰዓት በሩ ሲከፈት ሲዘጋ ይውላል፣ የውስጡ ሙቀት ይጨምራል። አንዱ ይመጣና ማስተካከያውን ወደ ብርዱ ያዞረዋል። የሚመልሰው የለም። ሌሊት በሩ አይከፈትም፣ ፍሪጁ ሲያቀዘቅዝ ያድራል፣ ከኋላ ግድግዳው ጋር የተጠጋው በረዶ ይሆናል። ጠዋት የፋርማሲው ልጆች ለዋርዶቹ መድኃኒት ሲያወጡ በሩ ሲከፈት ይቆይና ከዚያ ይመዘግባሉ። 4። እሱም ከተመዘገበ ነው። የቅዳሜና የእሁዱ ሰኞ ጠዋት ይሞላ እንደነበር ከልጆቹ አንዱ ነገረኝ። ለምን አልኩት።

«9 ብለን ስንጽፍ ማብራሪያ አምጡ ትሉናላችሁ። 4 ስንጽፍ ማንም አይጠይቀንም።»

ምን ልመልስለት? ማብራሪያ አምጡ ባዩ እኔ ነኝ።

በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቀለጠ ተብሎ ለሰው አይሰጥም። ፍሪጁ ውስጥ የነበረውን ሁሉ፣ ጥርት ያለውንም ጭምር አስወገድኩ። ፋይናንስ ክፍል «ደህና የሚመስለውን ለምን ትጥላለህ» ብሎ ተጣላኝ። ችግሩ እኮ እሱ ነው። ጥርት ያለው በረዶ ሆኖ ከቀለጠ በኋላም ጥርት ብሎ ሊታይ ይችላል። ዓይን አይለየውም።

ከሁሉ የከፋው ግን ቀድሞ የወጣው ነው። ዋርድ ለዋርድ ዞርን። ስኳራቸው አልወርድ ብሎ መጠኑ የተጨመረላቸው ሁለት ታካሚዎች አገኘን። ምክንያቱ የእኛ ፍሪጅ ይሁን ሌላ፣ ማረጋገጥ አልቻልኩም። ጉልበቱ የደከመውን ኢንሱሊን ዝም ብዬ በደህናው ብቀይረው ደግሞ በተጨመረው መጠን ስኳራቸው ወርዶ ራሳቸውን ሊስቱ ይችላሉ። ስለዚህ ብልቃጡ ከመቀየሩ በፊት ለሐኪሞቹ በአፌ መናገር ነበረብኝ። የሆነውን ሁሉ፣ ከነፊርማዬ።

አሁን በቀን ሁለቴ የሚለውን ደንብ እንደ ጌጥ ነው የማየው። የዚያች ደቂቃ ቁጥር ስለ ሌሊቱ ምንም አይነግርህም። እኛ ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን እንጽፋለን፣ ከዚያ ቴርሞሜትሩን ወደ መነሻው እንመልሳለን። በየ10 ደቂቃው ራሱ የሚመዘግብ መሣሪያም አስገባን። ማስተካከያውን በፕላስተር አሽጌዋለሁ። በሩ ላይ ከውሃ ጠርሙስ በቀር ምንም አይቀመጥም፣ ከኋላው ግድግዳም የሚጠጋ ነገር የለም። ወር ሙሉ ከ4 ያልተነቃነቀ ቅጽ ከመጣልኝ ደግሞ አልፈርምም። 9 ብሎ የጻፈውን ልጅ አመሰግናለሁ፤ ማብራሪያውን አብሬው እጽፋለሁ።

ባለፈው ሩብ ዓመት የጥራት ክፍሉ ደብዳቤ ጻፈልኝ። ፍሪጃችሁ ዓምና አንድም ግድፈት አልነበረበትም፣ ዘንድሮ ለምን 11 ሆነ ይላል። ማብራሪያ አምጣ።