ሉፑን በእጃችን ሠራነው

የኔትወርክ ስልጠናው በስላይድ አልተጀመረም። ጠረጴዛው ላይ አራት አሮጌ ስዊች (መሣሪያዎችን በኬብል የሚያገናኝ ሳጥን) እና ክምር ኬብል ነበር። አሰልጣኛችን «በክብ አያይዟቸው፤ ከዚያ ስፓኒንግ ትሪን አጥፉት» አለን። ስፓኒንግ ትሪ ትርፍ መስመሮችን ዘግቶ ቀለበት እንዳይፈጠር የሚከላከል ፕሮቶኮል ነው።

ወዲያው የሁሉም ፖርት መብራት አንድ ላይ ይርገበገብ ጀመር። ፒንግ (ግንኙነት መኖሩን የሚፈትሸው መልእክት) ቆመ። ስዊቾች የሚቀባበሉት የዳታ ጥቅል፣ የኢተርኔት ፍሬም፣ እንደ አይፒ ፓኬት ዕድሜውን የሚቆጥር ነገር የለውም። ቀለበት (ሉፕ) ውስጥ ከገባ ይዞራል፣ ይባዛል። አንድ ኬብል ስንነቅል ሁሉም ጸጥ አለ።

ያን መብራት አውቀዋለሁ። ከዓመት በፊት በምሠራበት ዩኒቨርሲቲ የአንድ ሕንፃ ኔትወርክ ግማሽ ቀን ሞቶ ነበር። ሰርቨሩን ፈተሽን፣ ራውተሩን ፈተሽን። መጨረሻ ላይ ያገኘነው ሁለቱም ጫፉ ግድግዳ ላይ የተሰካ ኬብል ነው።

በማግስቱ ስፓኒንግ ትሪን መለስነውና «ሩቱ የቱ ነው?» ተባልን። ሩት ማለት ስፓኒንግ ትሪ መንገዶቹን ከእሱ አንጻር የሚመርጥበት ስዊች ነው። ማናችንም አላገኘነውም። ትንሹ ፕራዮሪቲ ያለው ሩት ይሆናል፤ የሁሉም 32768 ስለነበር ዝቅተኛ ማክ አድራሻ (የመሣሪያው መለያ ቁጥር) ያለው አሸነፈ። እሱ ደግሞ ከሁሉም አሮጌው ነበር። አብዛኛው ትራፊክ በእሱ በኩል ይሄድ ነበር ማለት ነው! ዋናውን ስዊች 4096 አደረግነው፤ ነገሩ ተስተካከለ። ቀጥሎ ዋናውን መስመር ነቅለን በስልካችን ሰዓት ያዝን። በድሮው ስፓኒንግ ትሪ 30 ሴኮንድ ያህል ጠፋ። በአዲሱና ፈጣኑ ዓይነት፣ በራፒዱ ግን መጥፋቱ እንኳ አይታወቅም።

በጣም የጠቀመኝ ግን የራሴ ስህተት ነው። ትራንክ (የብዙ ቪላን ትራፊክ የሚያልፍበት መስመር) ላይ አዲስ ቪላን (በስዊቹ ላይ ለብቻው የተከፈለ ኔትወርክ) ስጨምር ከትእዛዙ «አድ» የምትለዋን ቃል ዘለልኳት። የነበሩት ቪላኖች በሙሉ ከትራንኩ ወጡ፤ እኔም ከስዊቹ ተቆረጥኩ። ስልጠናው ላብራቶሪ ውስጥ ስለነበርኩ ኮንሶል ገመድ (ያለ ኔትወርክ በቀጥታ ስዊቹን የሚያገኝ) ሰክቼ ወዲያው አስተካከልኩት። ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ቢሆን የስዊቹን ክፍል ቁልፍ ፍለጋ ስንት ሰዓት ይፈጅ ነበር? ከዚያ ወዲህ ከሩቅ ሆኜ ትራንክ ስነካ አስቀድሜ «ሪሎድ ኢን 10» እላለሁ። ከተቆረጥኩ ስዊቹ ከ10 ደቂቃ በኋላ ራሱን አስነስቶ ወደተቀመጠው ኮንፊግ ይመለሳል። ከተሳካ ሪሎዱን እሰርዛለሁ።

ስመለስ መጀመሪያ ያደረግሁት ሩቱን መፈለግ ነው። ያገኘሁት ዶርም ውስጥ ነው። ወደ ዋናው (ኮር) ስዊች አዛወርኩት። ተጠቃሚ በሚሰካባቸው ፖርቶች ሁሉ ቢፒዲዩ ጋርድ (የስፓኒንግ ትሪ መልእክት የገባበትን ፖርት የሚዘጋ መከላከያ) አበራሁ።

ከወራት በኋላ ከአንድ ቢሮ ተደወለ፤ «ኢንተርኔት የለም» አሉኝ። ሄድኩ። ያው ኬብል፣ ሁለቱም ጫፉ ግድግዳ ላይ። የተዘጋው ግን የእነሱ ፖርት ብቻ ነበር። ጎረቤት ቢሮ ያሉት ሥራቸውን እየሠሩ ነው።