በውስጥ ደዌ ክፍል ማሰብን የተማርኩት እንዴት ነው

ከነርሲንግ ትምህርት ቤት ስወጣ አምስቱን የነርሲንግ ሂደት ደረጃዎች፣ ማለትም መረጃ መሰብሰብን፣ ችግሩን መለየትን፣ ማቀድን፣ መተግበርንና መገምገምን በቃሌ ይዤ ነበር። ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ክፍል ተመድቤ መሥራት ስጀምር ግን ደረጃዎቹ በተራ እንደማይመጡ አየሁ፤ ለአንዱ ታካሚ መድኃኒት እየሰጠሁ ሳለ አዲስ ምልክት ብቅ ይላል፣ ጠዋት የወጣው ዕቅድም ከሰዓት በኋላ አይሠራም። በትምህርት ላይ «በጥልቀት ማሰብ» ሲባል ከተራው የነርስ ሥራ በላይ የሆነ ችሎታ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ የምረዳው ሙቀት ከመለካት፣ ትንፋሽ ከመቁጠርና ገላ ከማጠብ ተለይቶ የማይታይ መሆኑን ነው።

መጀመሪያ የያዝኩት ልማድ ትንፋሽን ሙሉ አንድ ደቂቃ መቁጠር ነው። ለሙቀትና ለደም ግፊት መሣሪያ ስላለ ይለካሉ፤ ትንፋሽ ግን ሰዓትና ትዕግሥት ብቻ ስለሚጠይቅ ሥራ በበዛበት ቀን በግምት ይሞላል። በመከታተያ ቅጽ ላይ ከላይ እስከ ታች 20፣ 20፣ 20 ተብሎ የተጻፈበትን ዓምድ ያላየ ነርስ ያለ አይመስለኝም። ጤናማ አዋቂ ሰው ሲያርፍ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ስለሚተነፍስ፣ 20 ማንንም የማያስደነግጥ ቁጥር ነው። እኔ የምቆጥረው ታካሚው ሳያውቅብኝ ነው፤ የልብ ምቱን ከቆጠርኩ በኋላ የእጁን አንጓ ሳልለቅ ዓይኔን ወደ ደረቱ እመልሳለሁ፤ ሰው ትንፋሹ እየተቆጠረ መሆኑን ካወቀ ሳያስበው አተነፋፈሱን ይለውጣልና።

የዚህን ልማድ ጥቅም ያየሁት በልብ ድካም ተኝተው በነበሩ አንዲት እናት ላይ ነው። በሌሊት ተራዬ ሙቀታቸው 36.8 ነበር፣ ግፊታቸውም ደህና ነው፣ «እማማ፣ እንዴት አመሹ?» ስላቸው «ተመስገን ልጄ፣ ደህና ነኝ» አሉኝ። ትንፋሻቸው ግን 28 ሆኖ አገኘሁት፤ ትከሻቸው ከትንፋሻቸው ጋር ከፍ ዝቅ ይላል፣ የእራት ሳህናቸውም እንደቀረበ ነበር። የኦክሲጅን መለኪያውን ጣታቸው ላይ ሳደርገው 84 በመቶ አነበበ። ጣታቸው ቀዝቅዞ ነበር፣ ጥፍራቸውም እንሶስላ የሞቀ ነበር፤ ቅዝቃዜም ሆነ የጥፍር ቀለም ንባቡን ሊያዛባ ስለሚችል ቁጥሩን ወዲያው አላመንኩትም፣ ነገር ግን አልናቅሁትም። እጃቸውን አሙቄ ቀለም ባልነካው ጣት ላይ ደግሜ ስለካ 86 ሆነ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የጤነኛ ሰው ኦክሲጅንም ከቆላው ጥቂት ዝቅ ሊል ይችላል፤ 86ን ግን ከፍታ ብቻውን አያመጣውም።

ተረኛውን ሐኪም ጠርቼ «እማማ ደከም ብለዋል» ብለው ኖሮ፣ አምስት ሌሎች ታካሚዎች እየጠበቁት ስለነበር፣ ተራቸው እስኪደርስ ይጠብቁ ነበር። ስለዚህ ሁኔታውን፣ የኋላ ታሪኩን፣ የራሴን ግምገማና የምፈልገውን በዚሁ ቅደም ተከተል ነገርኩት። «ዶክተር፣ በልብ ድካም የተኙት እናት ትንፋሻቸው 28፣ ኦክሲጅናቸው 86 ነው። ትናንት ማታ ትንፋሻቸው 18 ነበር። ሙቀት የላቸውም፣ ነገር ግን በቀኝ በኩል ከጀርባ በታች ሳዳምጥ የሚንጨረጨር ድምፅ አለ፤ የሳንባ ምች እንዳይሆን ሰግቻለሁ። ቀና አድርጌ አስቀምጬ ኦክሲጅን ጀምሬላቸዋለሁ። አሁን መጥተው ቢያዩልኝ።» መጣ፤ የደረት ራጅ ታዘዘ፣ ፀረ ተሕዋስያኑም በዚያው ሌሊት ተጀመረ። በዕድሜ የገፉ ሰዎች የሳንባ ምች ይዟቸው ሙቀት ላያሳዩ እንደሚችሉ መጽሐፍ ላይ አንብቤ ነበር፤ አልጋው አጠገብ ያስታወሰኝ ግን ቁጥሩ ነው።

«ተመስገን» የሚለው መልስ ብዙ አስተምሮኛል። በእኛ አካባቢ ደህንነቱን ለተጠየቀ ሰው ከምስጋና በፊት ሕመሙን መዘርዘር ነውር ነው፤ ስለዚህ ምስጋናውን ከተቀበልኩ በኋላ በአንድ ቃል የማይመለስ ጥያቄ አስከትላለሁ፦ ሌሊት ስንት ጊዜ ነቁ? በየትኛው ጎን ሲተኙ ይቀልዎታል? ሽንት የሸኑት መቼ ነው? ከአልጋው ሥር ምንጣፍ አንጥፋ የምታድር አስታማሚ ደግሞ ከታካሚው በላይ ታውቃለች። ጠበልም እንዲሁ ነው። «መድኃኒቱን ለምን አቋረጡ?» ብሎ የጠየቀ ሰው የሚያገኘው ዝምታን ነው፤ «ጠበሉ ላይ ሳሉ ኪኒኑን እንዴት ያደርጉት ነበር?» ስል ግን መቼ እንዳቆሙና ስንት እንደቀራቸው ሳይደብቁ ይነግሩኛል።

በጣም የፈተነኝ የስም ጉዳይ ነው፤ ታካሚው አንድ ጊዜ የበሽታ ስም ከወጣለት በኋላ የሚታይበት ምልክት ሁሉ በዚያው ስም ይተረጎማል። ክረምቱ ወጥቶ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባሉት ወራት ከፎገራና ከደምቢያ ሜዳ በወባ የታመሙ ሰዎች ይመጣሉ። አንድ የሩዝ ማሳ ሠራተኛ ወጣት በደም ምርመራ ወባው ተረጋግጦ፣ የወባ መድኃኒት የሆነው የአርቴሱኔት መርፌ ተጀምሮለት ሳለ ማታ ላይ ላብ አጠመቀውና መቀባጠር ጀመረ። ወንድሙ «ወባው ጭንቅላቱ ላይ ወጣ» አለኝ፤ ያ ደግሞ ሊሆን የማይችል አልነበረም። በዚያን ጊዜ ራሴን የጠየቅሁት ጥያቄ አሁንም አልተለየኝም፦ ሌላስ ምን ሊሆን ይችላል? ከእነዚህስ ውስጥ ቶሎ የሚጎዳው፣ ግን ቶሎ የሚረጋገጠውና የሚታከመው የትኛው ነው? ከባድ ወባ የደም ስኳርን ያወርዳል፤ የወባው ጥገኛ ተሕዋሲ ራሱ ስኳር ይጠቀማል፣ በሽተኛውም ከበላ ቆይቷል። ጣቱን ወግቼ የደም ስኳሩን ስለካ 38 ሚሊግራም በዴሲሊትር ሆነ፤ በጣም ዝቅተኛ ነው። በሐኪሙ ትእዛዝ 40 በመቶ ግሉኮስ በደም ሥር ቀስ ብዬ ሰጠሁት፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግሜ ስለካ ከፍ ብሎ ነበር፣ ወንድሙንም በስሙ ጠራው። ወባው ወደ አንጎል አልደረሰም ማለት አይደለም፤ ስለዚህ ሌሊቱን የንቃት ደረጃውንና የስኳሩን መጠን እየተከታተልኩ አደርኩ።

ከዚያ ወዲህ በኪሴ በያዝኩት ደብተር ገጹን ለሁለት እከፍላለሁ፤ በግራው በኩል ያየሁትንና የለካሁትን፣ በቀኙ የገመትኩትን እጽፋለሁ። «ተረብሿል» የሚለው ቃል በግራው በኩል ቦታ የለውም፤ እዚያ የሚጻፈው «ካኑላውን (በደም ሥሩ የገባውን ቱቦ) ነቀለ፣ ስሙን ሲጠየቅ የሌላ ሰው ስም ተናገረ» ነው። ሰዓት ስጽፍም «6 ሰዓት» ብዬ አልተውም፤ በአገራችን አቆጣጠር ቀን ነው ሌሊት፣ ወይስ በፈረንጅ ሰዓት ጠዋት ነው የሚለውን ተረካቢው እንዳይገምት እገልጻለሁ፤ በየ12 ሰዓቱ በሚሰጥ መርፌ ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ገላ ማጠብን ለአስታማሚ ብቻ የሚተው ነርስ ብዙ ነው፤ አልስማማበትም። መገላበጥ የማይችልን ታካሚ በየሁለት ሰዓቱ ስናዞር ዳሌውን፣ የጀርባውን ታችና ተረከዙን የምናይበት ጊዜ ያ ነው። መጽሐፎቹ የአልጋ ቁስል በቆዳ መቅላት ይጀምራል ይላሉ፤ በጠቆረ ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ በግልጽ ስለማይታይ በእጄ ጀርባ እዳስሳለሁ፦ ከአካባቢው የሞቀ፣ የጠጠረ ወይም የላላ ቦታ ካለ፣ ቆዳው ሳይላጥ በፊት ጫናውን ከዚያ ላይ አነሳለሁ።

ወደ ቤት መሸኘትን የማቅደው ታካሚው በገባበት ቀን ነው። ከደቅ ደሴት ወይም ከዘጌ የመጣ ሰው «የመውጫ ወረቀትህ ተፈርሟል» ሲባል ሐሳቡ ጀልባው ላይ ነው፤ ያን ሰዓት የሚነገረው ምክር ጆሮው አይገባም። ኢንሱሊን ለሚወጋ ታካሚ ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት መድኃኒቱን የት እንደሚያስቀምጥ ቀድመን እንነጋገራለን፤ እርጥብ አሸዋ በመካከላቸው የተሞላ ሁለት ሸክላ፣ ጥላ ሥር ከተቀመጠ፣ ሙቀቱን ይቀንስለታል። በጾም ወቅት እህል የሚቀመሰው በስንት ሰዓት እንደሆነም እጠይቃለሁ፤ መርፌው ከምግቡ ብዙ ቀድሞ እንዳይወጋ። «ገባኝ» የሚለውን ቃል ግን እንደ መልስ አልወስደውም፤ መርፌ የምትወጋለት ልጁ ከሆነች ከመውጣታቸው በፊት ባሉት ቀናት በየጠዋቱ በፊቴ ራሷ ትቀዳለች፣ በሲሪንጁ ላይ ያለውን መጠንም አንብባ ትነግረኛለች።