ከአልጋዬ ራስጌ እስከ ወጥ ቤቱ መስኮት

እናቴ በሌሊት ታማ ሆስፒታል የገባች ዕለት እህቴ አሥራ አንድ ጊዜ ደውላልኛለች። ስልኬ ራስጌዬ ላይ ነበር፤ ድምፁን አላጠፋሁትም፣ ባትሪውም ሙሉ ነበር። አንድም ጊዜ አልጠራም። ጠዋት በሩን ከፍቼ ወደ ውጭ ስወጣ ነው መልእክቶቹ ተከታትለው የገቡት። እናቴ ተርፋለች፣ ዛሬ ደህና ናት። እህቴ ብቻዋን ያሳለፈችው ሌሊት ግን እስካሁን ያንገበግበኛል።

ቤታችን ውስጥ ኔትወርክ እንደሚያስቸግር ሁላችንም እናውቅ ነበር። «አይሰማም፣ ቆይ ልውጣ» ማለት ለምደናል። ከዚያች ሌሊት በኋላ ግን ለምደነዋል ብዬ ልተወው አልቻልኩም።

መጀመሪያ ያደረግኩት ሁሉ በግምት ነበር። ሲም ካርድ ቀየርኩ፤ ለውጥ የለም። ስልኩ አርጅቶ ይሆናል ብዬ የባለቤቴን ስልክ ራስጌዬ አስቀመጥኩ፤ ያው ነው። ከስልኩ ጀርባ የሚለጠፍ «ሲግናል ይጨምራል» የተባለ ወረቀትም ሞክሬያለሁ። በኋላ ስለካው ቁጥሩን ንቅንቅ አላደረገውም፤ ገንዘባችሁን አታውጡበት።

ነገሩ የተለወጠው መስመሮቹን መቁጠር ትቼ ቁጥሩን ማየት ስጀምር ነው። ስልኩ አናት ላይ ስንት መስመር እንደሚታይ የሚወስነው አምራቹ ስለሆነ፣ አንድ ቦታ ላይ አንዱ ስልክ ሦስት፣ ሌላው ሁለት ሊያሳይ ይችላል። ትክክለኛው መለኪያ ዲቢኤም የሚባለው፣ ስልኩ ላይ የሚደርሰውን የሲግናል ኃይል የሚያሳየው ቁጥር ነው። በብዙ አንድሮይድ ስልኮች ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ስለ ስልኩ የሚለውን ስትከፍቱ የሲም ካርዱ ሁኔታ ውስጥ ታገኙታላችሁ፤ አይፎን ላይ *3001#12345#* ብሎ መደወል ነው። ቁጥሩ ከዜሮ በታች ነው፣ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ጥሩ ነው። በ4ጂ -85 አካባቢ ከሆነ ሐሳብ አይግባችሁ፣ -100 ያሠራል፣ ከ-115 ካለፈ ስልኩ የኔትወርክ ማማውን ላለመልቀቅ እየታገለ ነው። በሁለት ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት በዲቢ ይነገራል፤ 3 ዲቢ ሲቀንስ የሲግናሉ ኃይል በግማሽ ይወርዳል፤ 10 ዲቢ ሲቀንስ አንድ አሥረኛው ብቻ ይቀራል።

ደብተር ይዤ ቤቱን ለካሁት፤ ጠዋት፣ ከሰዓትና ማታ፣ ለአምስት ቀን። ስልኩን አንድ ቦታ አስቀምጦ ግማሽ ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል፣ ቁጥሩ ቶሎ አይቀየርም። እጅ ላይ እንዳለም አይለካም፤ መዳፍና ሰውነት ራሳቸው ሲግናል ይጋርዳሉ። በየክፍሉ ፍላይት ሞድ አብርቼ አጠፋ ነበር፣ ምክንያቱም ስልክ አንዴ የያዘውን ማማ እየደከመም ቢሆን ቶሎ አይለቅም።

ውጤቱን ሳየው ደነገጥኩ። ራስጌዬ -118፣ ኮሪደሩ -111፣ ሳሎን -104፣ የወጥ ቤቱ መስኮት -96። በራስጌዬና በመስኮቱ መካከል አሥራ ሁለት እርምጃ ነው። ልዩነቱ 22 ዲቢ ነው፤ መስኮቱ ላይ የሚደርሰው ኃይል ራስጌዬ ከሚደርሰው ከመቶ ሃምሳ እጥፍ በላይ ይበልጣል ማለት ነው። እኔ ደግሞ ያን ሁሉ ጊዜ ስልኬን ከቤቱ ቦታዎች ሁሉ በባሰው ላይ አስቀምጬ ስተኛ ኖሬያለሁ።

ለምን? መኝታ ቤቱ ፌሮ ባለው የኮንክሪት ግድግዳ የተከበበ ነው። ማማው ባለበት በኩል ደግሞ መስታወት ያለው ትልቅ የብረት ቁም ሣጥን ቆሟል። ብረት ሲግናልን አያሳልፍም፣ ወደ መጣበት ይመልሰዋል፤ ከመስታወቱ ጀርባ ያለው ስስ ቅብም ብረት ነው። ቁም ሣጥኑን ከወንድሜ ጋር ወደ ሌላው ግድግዳ ስናዞረው ራስጌው ከ-118 ወደ -112 መጣ። አሁንም ደካማ ነው፣ ግን አንዲት ሳንቲም ሳላወጣ ኃይሉ አራት እጥፍ ጨመረ።

ሌላው ያስገረመኝ የስንዝር ነገር ነው። ሲግናል ከግድግዳ፣ ከጣሪያና ከዕቃ እየነጠረ በብዙ መንገድ ይመጣል፤ የመጡት ሞገዶች አንዳንድ ቦታ ይደጋገፋሉ፣ አንዳንድ ቦታ ይጠፋፋሉ። በ1800 ሜጋኸርዝ የአንድ ሞገድ ርዝመት 17 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ስልኩን ግማሽ ስንዝር ማንቀሳቀስ ብቻ ጥሪ ሊያስገባ ወይም ሊያስቀር ይችላል። ወጥ ቤት መስኮቱ ላይ ያንን ቦታ ፈልጌ በእርሳስ ምልክት አድርጌበታለሁ። ማታ የስልኬ ቦታ እዚያ ነው፣ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጌ፣ ቻርጅ ላይ። መኝታ ቤት ድረስ ይሰማል።

የሴቲንጉን ነገር ችላ አትበሉ። ስልኬ ደካማ 4ጂ ላይ ተንጠልጥሎ ያድር ነበር። በ4ጂ ላይ የድምፅ ጥሪ ካልተከፈተ፣ ጥሪ ሲመጣ ስልኩ ወደ 3ጂ ወይም 2ጂ መውረድ አለበት፤ ሲግናሉ ከደከመ ጥሪው እዚያ መሸጋገሪያ ላይ ይቀራል። ማታ ማታ ወደ 2ጂ አወርደው ጀመር፤ በእኔ ቤት የሚመጣው 2ጂ 900 ሜጋኸርዝ ስለሆነ ግድግዳ የማለፍ አቅሙ ይሻላል። 2ጂ በተዘጋባቸው አገሮች ግን ይህ አይሠራም፣ አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ድሮ ስልኩ ጠዋት ሞቆና ባትሪው ወርዶ የማገኘውም በዚሁ የተነሳ ነበር፤ ማማው ሲርቅበት ስልክ ጉልበቱን ጨምሮ ይጮኻል።

ከሁሉ በላይ እፎይታ የሰጠኝ **62* ብሎ ሌላ ስልክ ቁጥር ማስገባት፣ በ# መዝጋትና መደወል ነው። ስልኬ ሲጠፋ ወይም ኔትወርክ ሲያጣ ጥሪው በቀጥታ ወደ ባለቤቴ ስልክ ይሄዳል፤ የእሷ ሲም የሌላ ድርጅት ነው፣ በእኛ ቤትም ይሻላል። ለማጥፋት ##62# ነው። የተላለፈው ጥሪ ከእናንተ ሂሳብ ሊቆረጥ ስለሚችል ጠይቁ። ያን ሌሊት ይህን አውቄ ቢሆን ኖሮ እህቴ ሁለተኛ መደወል ባላስፈለጋት ነበር።

በኋላ ሲም የሚቀበል ራውተር ገዝቼ እዚያው መስኮት ላይ አኖርኩት። እሱ ሲግናሉን ካለበት ይይዛል፣ ዋይፋዩ ደግሞ መኝታ ቤት ያደርሰዋል፤ የኢንተርኔት ጥሪዎች አሁን አልጋዬ ላይ ሆኜ ይሰሙኛል። መደበኛ ጥሪን በዋይፋይ የሚያሳልፍ አገልግሎት ካላችሁማ ሴቲንግ ውስጥ ማብራት ብቻ ነው። መብራት ሲጠፋ ራውተሩም እንደሚጠፋ ግን አትርሱ፤ እኔ ትንሽ ባትሪ አስሬለታለሁ።

ሲግናል ማጉያ መሣሪያ ለመግዛት ጫፍ ደርሼ ነበር። የተውኩት የሬዲዮ ቴክኒሻን የሆነ ጓደኛዬ ሲያስረዳኝ ነው። የውጭውና የውስጡ አንቴና ከተቀራረቡ መሣሪያው የራሱን ድምፅ መልሶ ይሰማል፣ ማይክሮፎን ስፒከር አጠገብ ሲቀርብ እንደሚያፏጨው። ያ ፉጨት ማማውን ይረብሻል፣ የጎረቤቱን ሁሉ ጥሪ ያበላሻል፤ በብዙ አገሮች ያለ ፈቃድ መትከል የተከለከለውም ለዚህ ነው። እኔ እናቴን ለመስማት ብዬ የሌላ ሰው እናት ጥሪ እንዲቋረጥ አልፈልግም።

ደብተሩን ለአገልግሎት ሰጪውም አሳይቻለሁ። «ኔትወርክ የለም» ብዬ ስናገር ይሸኙኝ የነበሩት፣ ቀኑንና ሰዓቱን ከነቁጥሩ ሳቀርብ ቁጭ ብለው መዘገቡት። ገና የተለወጠ ነገር የለም፤ በየወሩ እየሄድኩ እጠይቃለሁ።

አሁን ከጎናችን አዲስ ፎቅ እየተሠራ ነው፣ ማማው ባለበት በኩል። ሦስተኛው ወለል ሲሞላ የወጥ ቤቱ መስኮት ከ-96 ወደ -99 ወርዷል። ቅዳሜ ቅዳሜ እለካለሁ፤ የሳሎኑን ምሥራቃዊ መስኮትም ከአሁኑ በእርሳስ ምልክት አድርጌበታለሁ።