ቶርኔዶ ልታዩ ከሆነ በረዶውን ፍሩ

ይህን የምጽፈው ዴንቨርና አውሮራ ለምትኖሩ፣ በግንቦት መጨረሻ ወደ ምሥራቅ ኮሎራዶ ነድታችሁ ቶርኔዶ ለማየት ላሰባችሁ ነው። ለእኔ የነገረኝ አልነበረም።

ዝግጅቱ ቀላል ነው። ኖርማን፣ ኦክላሆማ ያለው የማዕበል ትንበያ ማዕከል የሚያወጣውን ካርታ ጠዋት ታያላችሁ፤ ነዳጅ ትሞላላችሁ፤ በአይ 70 አውራ ጎዳና ወደ ሊመን ከተማ ትወርዳላችሁ። ሰው የሚግተለተለው ካርታው ቀይ ሲሆን፣ ማለትም አደጋው ከፍ ሲል ነው። እኔ አደጋው ዝቅ ያለበትን ቢጫውን ቀን እመርጣለሁ። በቀዩ ቀን ደመናው ይፈጥናል፣ መንገዱም ማዕበል ለማየት በሚከተሉ አሳዳጆች ይጨናነቃል። በ2013 ኤል ሪኖ፣ ኦክላሆማ ላይ ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ የሰፋው ቶርኔዶ ከገደላቸው አሳዳጆች መካከል ዕድሜያቸውን በዚህ ሥራ ያሳለፉ ነበሩበት።

ቶርኔዶውን አየነው። ጦም ባደረ የስንዴ ማሳ ላይ አቧራ መሽከርከር ጀመረ። ቀና ስንል ከደመናው ሥር ቀጭን ነገር ተንጠልጥሏል። ስልኬ ላይ ያለው ራዳር ምንም አላሳየም። ጨረሩ በራቀ ቁጥር ከፍ እያለ ስለሚሄድ መሬት አጠገብ ያለው ያመልጠዋል፤ ምስሉም ደቂቃዎች ያለፉት ነው። ስልኩን ተዉትና ማሳውን እዩ።

ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ደመናው ወደ ሰሜን ምሥራቅ ስለሚሄድ እኛ ደቡብ ምሥራቁን ይዘናል፤ ትክክለኛው ቦታ እሱ ነው። ወደ ደቡብ ልንወርድ ስንል ግን አንድ ፖሊስ መኪናውን አግድም አቁሞ መንገዱን ዘግቷል። የኤሌክትሪክ ምሰሶ ወድቋል አለ። ጥሩ፣ ይዝጋ።

«ወደ ሰሜን ተመለሱ።»

«ኦፊሰር፣ ሰሜን እኮ በረዶው ነው። እዚሁ ዳር ይዘን እንቁም?»

ዞር ብሎ ሰማዩን እንኳ አላየም። «ተመለሱ አልኩ!» እስካሁን ያናድደኛል። ወደ ምሥራቅ ያለው የአፈር መንገድ ነው፤ ዝናብ ከነካው ጎማ አይዝም። ወደ ሰሜን ሄድን።

መጀመሪያ ጣሪያው ላይ ጠብ አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጠብ። ከዚያ ሎሚ የሚያክል በረዶ ወረደብን። ጓደኛዬ «በእመቤቴ፣ አዙረው!» ይላል። ወዴት ይዞራል? የኋላው መስታወት በአንዴ ረግፎ ወንበሩ ላይ ፈሰሰ። የፊተኛው ተሰነጣጠቀ እንጂ አልወደቀም፤ በሁለት መስታወት መሃል ፕላስቲክ አለው። ስለዚህ በረዶ ከያዛችሁ ከመንገድ ወጥታችሁ ቁሙ፤ የመኪናውን ፊት በረዶው ወደሚመጣበት አድርጉ። ድልድይ ሥር ግን አትጠለሉ። መንገድ ትዘጋላችሁ፣ ቶርኔዶ ቢመጣ ደግሞ ንፋሱ እዚያ ይብሳል።

ላያቢሊቲ፣ ማለትም በሌላ ሰው ላይ ላደረሳችሁት ጉዳት የሚከፍለው ኢንሹራንስ ብቻ ካላችሁ ለበረዶ ሳንቲም አታገኙም። እኔ የራሴንም መኪና የሚሸፍን ፉል ከቨሬጅ አለኝ። ያም ሆኖ የኢንሹራንሱ ሰውዬ «እዚያ ምን ልታደርግ ሄድክ?» እያለ አደረቀኝ። ምን አገባው?

ለጀማሪ አይሆንም ይላሉ ባለሙያዎቹ። እኔ ሂዱ ነው የምለው። ብቻ ወደ ደቡብ የሚያስወጡ ሁለት አስፋልቶች ከሌሉ እዚያ ቦታ አትቁሙ። አንዱን ፖሊስ ይዘጋዋል።