መጀመሪያ ጠረጴዛው፣ ከዛ ፕሬሱ

ቤት ውስጥ የተተኮሰ የጥይት ቀለህ መልሼ እንደምሞላ የሰማ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፣ "የትኛውን ፕሬስ ልግዛ?" (ፕሬስ ስል ጋዜጣ የሚያትመውን አይደለም፣ እጀታ ያለውን መጫኛ ነው)። እኔም ስጀምር የጠየቅኩት እሱኑ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ማታ ማታ ቪዲዮ ሳይ ከርሜ፣ የዚህን ብረት ከዛኛው ሳወዳድር፣ በመጨረሻ ደህና ፕሬስ ገዛሁና ድሮ ኮምፒውተር አስቀምጥበት የነበረ ጠረጴዛ ላይ በአራት የእንጨት ብሎን አሰርኩት። በቃ ጥፋቴ እዛ ጋ ነው የሚጀምረው።

ለማያውቅ ሰው ቶሎ ላስረዳ። ጥይት ማለት አራት ነገር ነው፣ ቀለህ፣ ፕራይመር (ከታች ያለችው በመርፌ ስትመታ እሳት የምትሰጠው ትንሿ ቆብ)፣ ባሩድ እና አረር። ሲተኮስ ባሩዱና አረሩ ይሄዳሉ፣ ቀለሁ ካለቀው ፕራይመር ጋ ይቀራል፣ እሱም በሙቀቱና በግፊቱ ሰፍቶ ነው የሚወጣው። ስራው እንግዲህ የሰፋውን ቀለህ ዳይ (ፕሬሱ ላይ የሚገጠም ልክ የሚያስይዝ የብረት ቅርፅ) ውስጥ አስገብቶ ወደ ልኩ መመለስ፣ ያለቀውን ፕራይመር አውጥቶ አዲስ መትከል፣ ባሩድ መዝኖ መጨመርና አረሩን ልኩን ጠብቆ መግጠም ነው። ያላችሁበት ቦታ ህጉ ይፈቅድ አይፈቅድ ግን ምንም ከመግዛታችሁ በፊት አጣሩ፣ ፈቃድ የሚጠይቅም ጭራሽ የሚከለክልም አገር አለ።

ወደ ጠረጴዛው ልመለስ። የሽጉጥ ቀለህ ስሰራ ብዙም አልታወቀኝም። የጠመንጃ ቀለህ፣ 308 ዊንቸስተር፣ ዳይ ውስጥ አስገብቼ እጀታውን ወደታች ስጫነው ግን የጠረጴዛው የኋላ እግሮች ከመሬት ተነሱ፣ የደረደርኳቸው ቀለሆች በሙሉ ወደኔ ተንሸራተው ወለሉ ላይ ተበተኑ። ይሄን ስራ ያስተማሩኝ አንድ ትልቅ ሰው አሉ፣ ጋሼ ነው የምላቸው፣ ያን ቀን መጥተው ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና "አንተ ልጅ፣ ይሄ ጠረጴዛ ነው ዥዋዥዌ?" አሉኝ። ሳቅኩ ግን አፍሬያለሁ። ጠረጴዛው ሲወዛወዝ የሚረብሸው ጉልበታችሁን ብቻ አይደለም፣ ሚዛኑንም ያወዛውዛል፣ የባሩድ መስፈሪያውንም ያንቀጠቅጣል፣ መስፈሪያ ሲንቀጠቀጥ ደግሞ ባሩዱ እየጠቀጠቀ ስለሚወርድ አንዱ ቀለህ ከሌላው ይለያል።

አዲሱን ራሴ ሰራሁት። ሁለት ባለ 18 ሚሊ ኮምፔንሳቶ በኮላ አጣብቄ 36 ሚሊ ውፍረት ያለው ገበታ አደረግኩና ኋላውን ግድግዳው ላይ በቡሎን አሰርኩት። ዋናው ዘዴ ፕሬሱን ገበታው መሀል ላይ አለማድረግ ነው፣ ልክ እግሩ ያለበት ቦታ ላይ፣ ጠርዝ ላይ። መሀል ላይ ካረጋችሁት ገበታው ራሱ ይለመጣል። የእንጨት ብሎን ደግሞ እርሱት፣ ዛሬ ቢይዝ ከስድስት ወር በኋላ ይላላል፣ ከላይ እስከታች በትራፓኖ በስታችሁ ቡሎን አሳልፉ፣ ከስር ሰፊ ሮንዴላ ወይ ቁራጭ ላሜራ አድርጉና በዳዶ እሰሩት። ከመብሳታችሁ በፊት ግን ፕሬሱን በሞርሳ ነገር ለጊዜው ያዙትና እጀታውን ሀያ ሰላሳ ጊዜ ሳቡት፣ ታች ሲደርስ ወገባችሁ የሚጎብጥ ከሆነ ዝቅ ብሏል ማለት ነው። እኔ ቆሜ ስለምሰራ ገበታው ክርኔ አካባቢ ነው፣ ተቀምጦ የሚሰራ ሰው ሌላ ልክ ያስፈልገዋል።

እሺ አሁን ፕሬሱ። ሶስት አይነት ነው። አንደኛው ባለ አንድ ዳይ ነው፣ እንደ አርሲቢኤስ ሮክ ቸከር ያለ ከጊዛ የተሰራ ከባድ ነገር፣ ሀምሳ ቀለህ ይዛችሁ አንዱን ስራ በሀምሳውም ላይ ትጨርሱና ዳይ ቀይራችሁ ወደሚቀጥለው ታልፋላችሁ። ሁለተኛው ተሬት የሚሉት ነው፣ ዳዮቹ በሙሉ አናቱ ላይ ተሰክተው ይዞራሉ፣ መፍታት መግጠም የለም። ሶስተኛው ፕሮግሬሲቭ ነው፣ ቀለሆቹ ክብ ሳህን ላይ ተቀምጠው ሁሉም ስራ በአንድ ጊዜ ይካሄዳል፣ አንዴ ከሞላ በኋላ በያንዳንዱ ስበት አንድ ያለቀ ጥይት ይወርዳል። ዲሎን 550 የሚባለው ፕሮግሬሲቭ ላይ ሳህኑን በእጅ ነው የምታዞሩት፣ ሌሎች ራሳቸው የሚያዞሩም አሉ።

እኔ ለጀማሪ የምለው ባለ አንድ ዳይ ነው፣ ብዙ ሰው "ይዘገያል" ይለኛል፣ አዎ ይዘገያል፣ እኔም የምፈልገው እሱን ነው። ፕሮግሬሲቭ ላይ አራት አምስት ነገር በአንዴ እየተካሄደ የጀማሪ አይን የቱን ያያል? አንዱ ጋ ፕራይመር ተንጋዶ ገብቶ ይሆናል፣ አንዱ ጋ ባሩድ ሳይወርድ አልፎ ይሆናል። በሳምንት ብዙ መቶ የሽጉጥ ጥይት የሚተኩስ ሰው ከሆነ ይገባኛል፣ እሱ ሰው ግን የመጀመሪያ ፕሬሱን እየመረጠ አይደለም። ደግሞ ገንዘባችሁ አይጠፋም፣ አብዛኛው ዳይ ጥርሱ አንድ አይነት ነው፣ 7/8 ኢንች፣ በአንድ ኢንች 14 ጥርስ፣ ስለዚህ ሊ የሚባለው ፋብሪካ ዳይ የአርሲቢኤስ ፕሬስ ላይ ይገባል፣ ሆርናዲ የሚባለውም እንደዛው።

ዳይ ስትገዙ ለሽጉጥ ካርባይድ የሚባለውን ውሰዱ፣ ቀጥ ያለ ቀለህ ላይ ቅባት አያስፈልገውም። አንገት ያለው የጠመንጃ ቀለህ ግን ያለ ቅባት አይሞከርም። እኔ ሞክሬዋለሁ፣ ሆን ብዬ ሳይሆን አንዷን ሳልቀባ አለፍኳት። እጀታው መሀል ላይ ሲከብደኝ ማቆም ሲገባኝ ጨመርኩበት፣ ገባ፣ ለማውጣት ስስበው ደግሞ ቋ የሚል ድምፅ ሰማሁና የቀለሁ ከንፈር ተገንጥሎ ቀለሁ እንዳለ ዳይ ውስጥ ቀረ። ከዛ በኋላ የቀለሁን ቂጥ በትራፓኖ መብሳት፣ ጥርስ ማውጣት፣ ቡሎን አስገብቶ ቀስ እያሉ መጎተት፣ ግማሽ ቀን ነው የፈጀብኝ። ሲወጣ ቀለሁ መስታወት መስሎ ነበር፣ ዳዩ ውስጥ ተፈግፍጎ። ቅባት ሲበዛ ደግሞ የቀለሁ ትከሻ ላይ ጎድጓዳ ያወጣል፣ በጣት ጫፍ ነካ ነካ ማድረግ በቂ ነው።

ከፕሬስ ላይ ቀንሳችሁም ቢሆን ገንዘብ አውጡበት የምለው ግን ሚዛን ነው። ባሩድ የሚመዘነው በግሬን ነው፣ አንድ ግራም 15.43 ግሬን ነው፣ ስለዚህ የግሬን አንድ አስረኛ ማለት ወደ ስድስት ተኩል ሚሊግራም ነው። እስቲ አስቡት፣ ትንፋሽ ይበቃዋል። የመጀመሪያዋ ዲጂታል ሚዛኔ ርካሽ ነበረች፣ መስኮት አጠገብ አስቀምጫት ቬንትሌተር ከፍቼ እሰራ ነበር፣ ያንኑ ሳህን ሳልነካው አራት አስረኛ ስትጨምር አይቻታለሁ። ዜሮ አድርጌያት ስመለስ ደግሞ ወደታች። አሁን የምጠቀመው ባለ ክንድ የድሮውን አይነት ነው፣ ባትሪ የለው ምን የለው፣ ከሱ ጋ መፈተሻ ክብደቶች ገዛሁ፣ ስራ ስጀምርና ስጨርስ እፈትሸዋለሁ። የባሩዱን ልክ ከታተመ የመሙያ መመሪያ ነው የምወስደው፣ ከዝቅተኛው ነው የምጀምረው፣ ከሰው አፍ የሰማሁትን ቁጥር አልጠቀምም፣ ጋሼ የነገሩኝን እንኳ መፅሀፉ ላይ ሳላይ አልነካም።

ርካሽ ግን በጣም የሚያስፈልገው ነገር ሀምሳ ቀዳዳ ያለው እንጨት ነው፣ ቀለሆቹን ባሩድ ካስገባችሁባቸው በኋላ የምትደረድሩበት። 9 ሚሊ የሽጉጥ ቀለህ ላይ ቶሎ የሚነድ ባሩድ ከሆነ የሚገባው በጣም ትንሽ ስለሆነ ሁለቴ ቢገባም አይፈስም፣ ከውጭ አታዩትም፣ ውጤቱ ደግሞ ሽጉጡን እጃችሁ ላይ ማፈንዳት ሊሆን ይችላል። ጭራሽ ባሩድ ካልገባ ፕራይመሯ ብቻዋን አረሩን ገፍታ አፈሙዙ ውስጥ ትቀረቅረዋለች፣ ሳያውቁ ሁለተኛውን የተኮሱበት ቀን አፈሙዙ ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ አረር ከመግጠሜ በፊት በባትሪ መብራት ሀምሳውንም ከላይ አያለሁ። አንድ ቀን መሀል ላይ ስልክ ተደወለ፣ አውርቼ ስመለስ የትኛው ላይ እንደነበርኩ ጠፋኝ። ባየው ደህና ይመስላል ግን ልቤ አላመነም፣ ሀምሳውንም ወደ እቃው ገልብጬ ከአንድ ጀመርኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚሉት እኔ ጋ ሳትቸኩልም ይሰራል።

ሌላው ነገር ጠረጴዛው ላይ አንድ አይነት ባሩድ ብቻ ነው የሚቀመጠው፣ ስጨርስ ወደ ራሱ እቃ ይመለሳል። ፕራይመርም ከፓኬቱ አውጥቶ ጠርሙስ ውስጥ ማከማቸት የለም፣ ከሁሉም በላይ ንክኪ የማይወደው እሱ ነው። መነፅር ሳላደርግ ፕራይመር አልተክልም። ቀለህ የምናጥብበት ማሽን አቧራው እርሳስ ስላለበት ኩሽና አካባቢ አይደርስም፣ ባለቤቴ በድምፁ ምክንያት ነው ያባረረችው ግን ልክ ነበረች።

ቀለህ ስትሰበስቡ ውስጡን በመብራት እዩት፣ መሀል ላይ አንድ ቀዳዳ ካለ ቦክሰር የሚባለው አይነት ነው፣ ይሰራል፣ ሁለት ትናንሽ ቀዳዳ ካለው በርዳን የሚባለው ነው፣ ያለቀውን ፕራይመር የምታስወጣው የዳዩ መርፌ ትሰበርባችኋለች። የሚገርመው ፈልሳፊዎቹ፣ በርዳን አሜሪካዊ፣ ቦክሰር እንግሊዛዊ ነበሩ፣ አሜሪካኖቹ ግን የያዙት የእንግሊዙን ነው። ካሊፐርም (ርዝመት በጥንቃቄ የሚለካ መሳሪያ) ግዙ፣ 308 ቀለህ ከ51.18 ሚሊ ካለፈ ይቆረጣል፣ እኔ 50.93 ላይ ነው የምቆርጠው።

አሁን የቀረኝ መብራት ነው። ፕሬሱ አናት ላይ የምትለጠፍ ትንሽ ኤልኢዲ ገዝቼ፣ ገበታውን በስቼ ሽቦውን በስር ካሳለፍኩት በኋላ ሶኬቱ ጋ ሊደርስ አንድ ክንድ አነሰው።