ቦቶክስ ስማር፦ ከመርፌው በፊት ፊትን ማንበብ

ነርስ ነኝ፤ የምሠራው ቨርጂኒያ ነው። በቅርቡ የፊት መስመርን የሚያለሰልሰውን የቦቶክስ መርፌ አሰጣጥ ሥልጠና ጀምሬያለሁ። እዚህ ነርስ በሐኪም ትእዛዝ መርፌውን መስጠት ይችላል። በዚሁ መንገድ ላላችሁ እስካሁን የገባኝን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ፣ ቦቶክስ ቆዳን አይሞላም፣ አይወጥርም። ሥራው ጡንቻ ላይ ነው። ነርቭ ጡንቻን የሚያኮማትረው አሴቲልኮሊን የሚባል ኬሚካል እየለቀቀ ነው። መድኃኒቱ የነርቩ ጫፍ ውስጥ ይገባና ኬሚካሉ እንዲወጣ የሚረዳውን ስናፕ 25 የተባለ ፕሮቲን ይቆርጠዋል። ጡንቻው ጤነኛ ነው፤ ትእዛዝ ብቻ አይደርሰውም። ነርቩ ቀስ እያለ ስለሚያገግም ከ3 እስከ 4 ወር ባለው ጊዜ እንቅስቃሴው ይመለሳል።

ውጤቱም ወዲያው አይታይም። በጥቂት ቀናት ይጀምርና በ2 ሳምንት ገደማ ይሞላል። በማግስቱ ደውሎ «ገንዘቤን በላችሁኝ» ለሚል ደንበኛ ይህን ቀድሞ መንገር ነው።

ታሪኩ ደግሞ ደስ ይላል። መድኃኒቱ የመጣው ከዓይን ሕክምና ነው፤ በአሜሪካ መጀመሪያ የተፈቀደውም እ.ኤ.አ. በ1989 ለሸውራራ ዓይንና ለዓይን ቆብ መኮማተር ነበር። ቫንኩቨር ውስጥ የዓይን ሐኪሟ ጂን ካራዘርስ የዓይን ቆባቸው የሚኮማተር ሰዎችን ስታክም፣ በቅንድብ መሃል ያለው መስመር ሲለሰልስ አየች። ባለቤቷ አላስቴር የቆዳ ሐኪም ነበር። ሥራቸውን እ.ኤ.አ. በ1992 አሳተሙ። ለዚያ መስመር ፈቃድ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው።

አሁን ጊዜዬን የሚበላው ግንባር ነው። በቅንድብ መሃል ያለው ቀለል ይላል፦ ፊት ስንቋጥር የሚሠሩት ጡንቻዎች ላይ 5 ነጥብ፣ በእያንዳንዱ 4 ዩኒት። ጎን ያሉት ነጥቦች ከዓይን ጉድጓድ አጥንት ጠርዝ ቢያንስ 1 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማለት አለባቸው፤ አለዚያ መድኃኒቱ ወደ ታች ዘልቆ የዓይን ቆብ ሊጥል ይችላል። የግንባሩ ጡንቻ ፍሮንታሊስ ግን ቅንድብን ወደ ላይ የሚያነሳ ብቸኛው ጡንቻ ነው። ከልክ በላይ ከተዳከመ ግንባሩ እንደ መስታወት ይለሰልሳል፣ ቅንድቡ ግን ይወርዳል።

የዓይን ቆባቸው የከበደ ሰዎች ደግሞ ሳያውቁት ቀኑን ሙሉ በግንባራቸው ነው ዓይናቸውን የሚገልጡት። አሠልጣኛችን ያሳየችንን መፈተሻ ወድጄዋለሁ፦ ሰውየው ዓይኑን ይጨፍን፣ ግንባሩን ዘና ያድርግ፣ ከዚያ ይግለጥ። ሲገልጥ ቅንድቡ አብሮ ከተነሳ ግንባሩን በጥንቃቄ፣ ወይም ጭራሹኑ መተው። እውነቱን ለመናገር ከዚያ ወዲህ ከሰው ጋር ቡና ስጠጣ ወሬውን ትቼ ቅንድብ ነው የማየው።

ሌላው ዩኒት ነው። የቦቶክስና ተመሳሳይ ሥራ ያለው የሌላው መድኃኒት፣ የዲስፖርት፣ ዩኒት አንድ አይደለም፤ የአንዱን ቁጥር ለሌላው መጠቀም አይቻልም። ፊቱ ዝም ባለበትም የሚታይ ጥልቅ መስመር ደግሞ በቦቶክስ ብቻ ላይጠፋ ይችላል፤ ይህንንም ለደንበኛ አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል።

እስካሁን ጓደኞቼ ፊት ላይ በነጭ እርሳስ ነጥብ እያደረግሁ እለማመዳለሁ። ከመርፌው በፊት የሚጠየቁትንም በቃሌ ይዣለሁ፦ እርግዝና፣ ማያስቴኒያ ግራቪስን የመሰለ የነርቭና የጡንቻ ሕመም፣ እንደ ጀንታማይሲን ያለ አንቲባዮቲክ። ቀጣዩ ትምህርት ስንስቅ ከዓይን ጥግ የሚወጡት መስመሮች ናቸው።